ዘፈኑ በልክ የተሰፋ ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ፊልም ማጀቢያ ዘፈኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ጸሐፊው «አይ ኦፍ ዘ ታይገር» ገበያ ላይ ከነበሩ ዘፈኖች ተመርጦ «ሮኪ 3» የተባለው የቦክስ ፊልም ውስጥ የገባ ነው ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ዕድሜዬን በጊታር የጨረስኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የፊልሙ ዳይሬክተርና ዋና ተዋናይ ሲልቬስተር ስታሎን ለመክፈቻው የፈለገው ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ዘፈን ነበር፤ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። ሰርቫይቨር ለተባለው የቺካጎ ባንድ አባል ለጂም ፒተሪክ የደወለው ያኔ ነው። ፒተሪክና ጊታሪስቱ ፍራንኪ ሱሊቫን የፊልሙ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት ተልኮላቸው ምስሉን እያዩ ሠሩት። ያ ቆም እያለ የሚመታው ጊታር፣ ዛሬ በየስፖርት ቤቱ የምንሰማው፣ ከምስሉ ላይ ከሚያርፈው ቡጢ ጋር እንዲገጥም ታስቦ የተጻፈ ነው። ርእሱም ከፊልሙ ንግግር የተወሰደ ነው፤ የቀድሞ ተጋጣሚው አፖሎ ክሪድ ቦክሰኛውን ሮኪን «ድሮ የነበረህ የነብር ዓይን ጠፍቷል» ይለዋል። (አባቶቻችን «ነብር አየኝ በል» ሲሉ የሚያስፈራሩት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የእኛው ነብር ዝንጉርጉር፣ የእነርሱ ባለ መስመር መሆኑ ካልሆነ በቀር።) ዘፈኑ በ1982 እ.ኤ.አ. ለስድስት ሳምንት በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ ለኦስካርም ታጨ፤ ሽልማቱን ሌላ ወሰደው።

በዚህ ላይ የምከርረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ አማርኛ ፊልም ዜማ እንድሠራ ተጠይቄ ነበር። ፊልሙን ላየው ብል «ተቆርጦ አላለቀም» አሉኝ። ታሪኩን ብጠይቅ «የፍቅር ነው፣ ሞቅ አድርገው» ተባልኩ። ሞቅ አደረግኩት፤ ከበሮና ጭብጨባ ሳይቀር ጨመርኩበት። ፊልሙ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ለሠርግ መስሎኝ የሠራሁት ዜማ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሲጨፍር አገኘሁት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጊታር ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ