ብሩ አለ፣ ጎማው ጠፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ እርዳታ መቋረጥ የወጡትን ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንደኛው «እሰይ፣ ሰነፍ አድርጎን ነበር» ይላል። ሁለተኛው አገሪቱ ነገ ጠዋት የምትፈርስ አስመስሎ ያለቅሳል። እኔ ጎንደር የምኖር የ75 ዓመት ጡረተኛ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ፣ ነኝ፤ ሁለቱም አልተዋጡልኝም።

እሰይ ባዩን ላስቀድም። የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድንኳናችን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳይታጠፍ ሌላው ግቢ ይተከል ነበር። የምንቀብረው የ25 እና የ30 ዓመት ልጆችን ነው። የበሽታውን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ «ሳንባ ነው» ይባልና ይታለፋል። በ1997 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ግሎባል ፈንድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና ፔፕፋር ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤች አይ ቪ እርዳታ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት እንደቆየ፣ የእድሩ መዝገብ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ ማለቁን ተወ። ያንን መዝገብ በእጄ የጻፍኩ ሰው ነኝና «እርዳታ ሁሉ መርዝ ነው» ሲሉኝ ጆሮዬ አይሰማም።

በ2017 ጥር ላይ እርዳታው ይቁም የሚለው ትእዛዝ ከዋሽንግተን ሲመጣ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። የጎረቤቴ ልጅ አንዷ ናት። ዳታ ክለርክ ነበረች፤ ሥራዋ መዝገብ መሙላት ይባል እንጂ ዋናው ነገር መድኃኒቱን ሳይወስድ የቀረውን ሰው ደውላ መጥራት ነበር። የምትደውለው ግን በራሷ ሞባይል ነው። ጋዋኗንና የሻይ ኩባያዋን በፌስታል ይዛ ቤቷ ከገባች በኋላም ስልኳ መጮኹን አላቆመም። «እህቴ፣ መድኃኒቱ አለ ወይስ ቆሟል?» ይሏታል። ደመወዟ ቆመ፤ ስልኩን ግን እስካሁን ታነሣለች።

አልቃሹ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ነገር ዘለለ። በ1945 እዚሁ ጎንደር አቅራቢያ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 ሰው ጨረሰ። ያ እልቂት ነው የጎንደርን የጤና ኮሌጅ የወለደው፤ በ1947 ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ፖይንት ፎር የሚባለው የአሜሪካ እርዳታ ተጋግዘው አቋቋሙት። አሜሪካኖቹ ለጽድቅ አልመጡም፤ አስመራ ላይ የነበረውን ቃኘው የሚባል የጦር ሬዲዮ ጣቢያ ለመጠቀም ከንጉሡ ጋር የተፈራረሙትም በዚያው በ1945 ነው። ፖለቲካ ዛሬ የተጀመረ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅልኝ።

እኔ ከዚያ ኮሌጅ በ1964 ወጣሁ። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አንድ ቡድን ሆነን ቆላ ድባ ለልምምድ እንላክ ነበር። የሽንት ቤት ጉድጓድ ቁፋሮ የምናስተምረው በቃል አልነበረም፤ እስከ ወገባችን ገብተን እንቆፍራለን። አንድ ፈረንጅ መምህራችን የጉድጓድ ውሃ ክዳን ሲመረምር ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ በጣቱ ዳር ዳሩን ይዳስሳል፤ ጣቱ ከገባ ትንኝም ይገባል ይለናል፤ አፍርሰን እንደገና እንሠራለን። በ1969 ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ልዑክ ሲያስወጣ ቃኘውም ተዘጋ። ኋላ ለሕክምና ፋኩልቲው ከላይፕዚግ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች መጡ። እነሱም ሄዱ፤ ኧረ አገራቸውም ከካርታ ላይ ጠፋች! ኮሌጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይኸው አለ፤ ምክንያቱም የቀረው ሰው ነው። መምህሩ የእኛ፣ ደመወዙ ከእኛ በጀት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲከፈት ጠብቄ ለዘመድ ለቅሶ ደምቢያ ወረድኩ። በመንደሩ መግቢያ አንድ የእጅ ፓምፕ አለ፤ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት። አጥሩ ደህና ነው፣ ታፔላው ላይ የአራት ድርጅት ዓርማ አለ፣ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው በአጠገቡ አልፈው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። የውሃ ኮሚቴዋን ሰብሳቢ አስጠራኋት።

«ብልሽቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጎማው ነው ጋሼ። ብሩ አለ፤ ዕቃው ነው የጠፋ።»

ሣጥኑን አምጥታ ቆጠረችልኝ፤ 6,400 ብር፣ አብዛኛው ባለ አምስትና ባለ አሥር። የጠፋው ዕቃ ከቡና ሲኒ አፍ የማይበልጥ የጎማ ቀለበት ነው፤ ዩ-ሲል ይሉታል። የሚያስቀው፣ ይህ ፓምፕ ከመጀመሪያው የተቀየሰው የገጠር ሰው ራሱ በአንድ ቁልፍ ፈትቶ እንዲጠግነው ተብሎ ነው። ወረዳ ሄጄ ብጠይቅ ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ወንበር ሰጠኝና «ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት አድርጓል አባቴ፤ ሌላ ዶነር እያፈላለግን ነው» አለኝ፤ ፕሮጀክቱ አብቅቶ ወጥቷል፣ ሌላ ለጋሽ እንፈልጋለን ማለቱ ነው። ለአንድ ጎማ ዶነር!

ጎንደር ተመልሼ የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ገበሬው ለሽንኩርት መስኖ የሚጠቀምበት የሞተር ፓምፕ መለዋወጫ ሞልቷል፤ ፒስተኑ፣ ቀለበቱ፣ ሻማው፣ የፈለግኸው። የእጅ ፓምፑን ጎማ ግን ስሙንም የሰማ የለም። ነጋዴው ምን ያድርግ? የሞተሩን ፓምፕ ገበሬው በገንዘቡ ስለሚገዛው ዕቃው በንግድ መንገድ ይመጣል። የእጅ ፓምፑ ግን ከነመለዋወጫው በፕሮጀክቱ መኪና መጣ፤ መኪናው ሲሄድ መለዋወጫውም አብሮ ሄደ። አንድም ቀን በእኛ ሱቅ፣ በእኛ ግምጃ ቤት፣ በእኛ የበጀት መደብ አላለፈም። በ1947ቱ ኮሌጅና በዚህ ፓምፕ መካከል ያየሁት ልዩነት ይህ ነው። የሰጪው ደግነት ወይም ተንኮል አይደለም፤ በሁለቱም ዘመን ሰጪው የራሱ ጉዳይ ነበረው።

ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳልቀርብ፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ «የውሃ ተቋማት ዘላቂነት» የሚል የሦስት ቀን ወርክሾፕ ተካፍያለሁ። ዓሣውም አበሉም ጥሩ ነበር። መለዋወጫ ከየት ይገዛል የሚል ጥያቄ ግን እኔም አላነሣሁም፤ ሌላው ሰውም እንዳነሣ ትዝ አይለኝም። ሰጪው የተተከለ ፓምፕ ይቆጥራል፣ የእኛ ሹም ያንኑ ቁጥር ተቀብሎ በሪፖርቱ ይጽፋል። በ2015 ሰኔ የእህል እርዳታው ተሰርቋል ተብሎ በመላ አገሪቱ ሲቆም የሆነውም ከዚህ አይርቅም። በየመጋዘኑ የሰረቀው ሌላ፣ በ2016 ድርቁ ሲመታ በሰሜን ጎንደር ጃን አሞራና በየዳ የተራበው ሌላ። እህሉን ማን እንደበላው በዝርዝር የነገረን የለም፤ ለመቅጣት ግን ሁሉም ተባበረ።

ስለዚህ «እርዳታ ይቅር ወይስ ይምጣ» የሚለውን ክርክር ትታችሁ ጋዜጠኛ ብትልኩልኝ እወዳለሁ። ወደ ዞኑም ሆነ ወደ ክልሉ ቢሮ ይሂድና ይጠይቅልኝ፦ በዘንድሮው በጀት ለእጅ ፓምፕ መለዋወጫ የተያዘ ስንት ብር ነው? ለኤች አይ ቪ ክሊኒክ ዳታ ክለርክስ ስንት መደብ ተፈቀደ? መልሱ ዜሮም ቢሆን ዜሮ ብላችሁ አትሙት።

የፓምፑን ነገር ሳልጨርስ። አዘዞ አንድ የጎሚስታ ልጅ አሮጌውን ቀለበት ናሙና አድርጎ ከጭነት መኪና ካላማዳሪያ ቆረጠልኝ። በአንድ ሰው እጅ ላክሁት፤ ኮሚቴዋ ገጥማው ውሃ ወጣ። ሦስት ወር ሠርቶ አሁን ማንጠባጠብ ጀምሯል አሉኝ። ልጁ ሁለት ሌላ ቆርጦ አስቀምጦልኛል፤ ወደዚያ የሚወርድ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ሳኒታሪያን፣ ከጎንደር