ስምንተኛው ሰው እንዳይቀር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ዝናቡም እንደተለመደው ነው። ሲያትል የፈረንጆቹን ክረምት ሙሉ ሲያካፋ ይከርማል።

እማዬ ባለፈው በስልክ «ጭፈራ ቤት ገባሽ አሉ» ብላ ተቆጣችኝ። ለወንድሜ የላክሁትን ፎቶ አይታ ነው። ላስረዳት ስጀምር መስመሩ ተቆራረጠ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እባክዎ እርስዎ ያንብቡላት።

አባባ፣ ጭፈራ ቤት አይደለም። ስኩዌር ዳንስ ይባላል። ድሮ የገበሬዎች ማኅበር በሠራው የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን። መጠጥ የሚባል ነገር የለም። አብዛኛው ሰው ጡረታ የወጣ ነው። ወንዶቹ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ሴቶቹ ሰፊ ቀሚስ ይለብሳሉ። ሁሉም ስሙ የተጻፈበት ባጅ ደረቱ ላይ ያደርጋል። እኔን የወሰደችኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ስመላለስ አይታ «ነይ፣ አንድ ቀን ብቻ» አለችኝ። ይኸው በዚያው ቀረሁ።

አጨፋፈሩ እንዲህ ነው። አራት ጥንዶች ፊት ለፊት ተያይተው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። በድምሩ ስምንት ሰው፤ ስኩዌር የሚሉት ይህን ነው። ኮለር የሚሉት ሰው ማይክ ይዞ መድረክ ላይ ይቆምና እርምጃውን ይጠራል። ቀጥሎ ምን እንደሚጠራ ማንም አያውቅም፤ ጆሮ መስጠት ብቻ ነው። በግራ እጅሽ ያዢና ዙሪ ሲል መዞር፣ ጓደኛሽን ይዘሽ ክቡን ዙሪ ሲል መሄድ። አንድ ሰው መንገድ ከሳተ ስምንቱም ይደናገራሉ። ያኔ ይሳሳቃሉ፣ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። አንዱ ዙር ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ኮለሩ እንደ ንግግር እያዜመ ይጠራል። በሁለተኛው ዘፈን ይዘፍንና ጥሪውን በመሐል በመሐል ያስገባዋል። ይህ ሁለተኛው ደስ ሲል! በፈረንጆቹ 1974 የተመሠረተ ኮለርላብ የሚባል የኮለሮች ማኅበር ጥሪዎቹን በደረጃ በደረጃ መድቧቸዋል። ስለዚህ ጃፓን ቢሄዱ ጀርመን ጥሪው ያው ነው፣ የሚጠራውም በእንግሊዝኛ። የምንኖርበት የዋሽንግተን ግዛትማ በ1979 የግዛቱ ይፋዊ ጭፈራ ብሎ በሕግ አጽድቆታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የክለቡን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ለአባላቱ በሙሉ ኢሜይል ይላካል። የቀድሞዋ ጸሐፊ ዓይናቸው ደከመና ሥራውን ለእኔ አስረከቡኝ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ብለው ነው እንጂ፣ ይህን ሥራ ከማን እንደተማርኩ አያውቁም።

የተማርኩት ከእርስዎ ነው። የእድሩ ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ ወረቀቱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለመለጠፍ ሙጫውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያኔ የነገሩኝ ሁሉ እዚህ ሠራልኝ። ቀኑና ሰዓቱ ከላይ ይሁን፣ ሰው ቆሞ አያነብም ይሉ ነበር። እዚህም ሰው ቆሞ አያነብም፤ የኢሜይሉን ርዕስ ብቻ አይቶ ያልፋል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እጽፋለሁ። ፊደሉንም ለሽማግሌ ዓይን እንዲመች አተልቀዋለሁ። የአንዱ አድራሻ ለሌላው እንዳይታይ አድርጌ ነው የምልከው። የሰው አድራሻ አደራ ነው። ኢሜይል የሌላቸው አዛውንቶችም አሉ፤ ለእነሱ በዚያው ማታ ስልክ እደውላለሁ።

ያለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በአዳራሻችን። ኮለሩ ከታኮማ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ኑና ተቀበሉት። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ስኩዌር ሞልቶ ሦስተኛው በአንድ ሰው ጎደለ፤ ሰባት ሰዎች ተቀምጠው አመሹ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁም ብትሆኑ ኑ፤ አንድ ዙር ጨፍራችሁ ብትቀመጡ የሚከፋው የለም። የግቢው መብራት ስለተቃጠለ ባትሪ ያዙ።»

አባባ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ሰባቱ ላይ ነው። በሌላ ጭፈራ አንድ ሰው ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን አንዱ ሲቀር ሰባቱ ይቀመጣሉ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ እስከ አዳራሹ አርባ ደቂቃ መኪና ነድታ ነው የምትመጣው። ያን ለት ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ሰብስባ ግድግዳው ጋ ተቀምጣ እጇን እያጨበጨበች ሌሎቹን ታይ ነበር። ሰባተኛዋ እሷ ነበረች። እኔም ማክሰኞ ማታ ስጽፍ ለሁሉ ሰው አልጽፍም፤ «እኔ ብቀር ምን ይጎድላል» ብሎ ቤቱ ለሚቀረው ለዚያ ለአንዱ ነው የምጽፈው። ይጎድላል። ሰው ደግሞ እንደሚጎድል ካልተነገረው አያውቅም።

የታመመ ሲኖር አስቀድሜ ቤተሰቡን አስፈቅዳለሁ። እዚህ አገር የሰው ሕመም ዝም ብሎ አይወራም። ካልፈቀዱ አልጽፍም። ከፈቀዱ ካርድ የሚላክበትን አድራሻና ሰው መጠየቅ የሚችልበትን ሰዓት እጨምራለሁ።

በጥር አንድ አባላችን አረፉ። እዚህ ጡሩምባ ነፊ የለም። ኮለሩ ሌሊት ደውሎ ነገረኝና ለቅሶውን ማስታወቅ በኔ እጅ ሆነ። «ለቅሶ ስትጽፊ ስሙ ይቅደም፤ ቀጥሎ የት እና መቼ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጪ» እርስዎ ያሉኝን አስታወስኩ። እንደዚያው አደረግሁ። ስማቸውን፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት፣ ቤተሰቡ አበባ እንደማይፈልግ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ለቀብር የመጣው ሰው ለጭፈራ ከሚመጣው ይበልጥ ነበር። የሟች ባለቤት ወረቀቱን አትመው ቦርሳቸው ውስጥ እንዳስቀመጡት ነግረውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርዎ አላልፍም። ክለባችን ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎቹ በደስታ ተቀብለውኛል፤ ያም ሆኖ አንዳንዴ ይህ ነገር የኔ ነው ወይ ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ የጭፈራውን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። በባርነት ዘመን በነጮች ግብዣ ላይ ቫዮሊን እየመቱ እርምጃውን የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ጥቁሮች ነበሩ። ጠርቶ ማስጨፈር የተስፋፋው በአብዛኛው በነሱ አፍ ነው። አሜሪካኖች የጥቁሮችን ታሪክ በሚያስቡበት በየካቲት ወር ይህን አሳጥሬ ከማስታወቂያው ግርጌ ጻፍኩት። ብዙዎቹ አያውቁትም ነበር። ኮለሩ ራሱ በዚያ ሐሙስ ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት በማይክ አነበበው። ሁሉም ቆመው ሰሙ። እኔም ከዚያ ወዲያ የኔ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ለእማዬ ይህን ይንገሩልኝ፦ በጾም አልጨፍርም። ኢሜይሉን ግን አላቋርጥም፤ በሁዳዴም ማክሰኞ ማታ እጽፋለሁ። ለሻይ ሰዓት የሚሆን ዳቦ ቆሎ እየሠራሁ ከጓደኛዬ ጋር እልክላቸዋለሁ፤ ዕቃው ባዶውን ነው የሚመለሰው። በመስከረም የጀማሪዎች ትምህርት ይከፈታል። አዲስ ሰው ሲመጣ አጠገቡ ቆመው የሚረዱትን ነባሮች መላእክት ይሏቸዋል። ዘንድሮ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ።

የእማዬ የመነጽር ገንዘብ በወንድሜ ስም ባንክ ገብቷል። ከበዓሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይውሰዳት።

እድሩ አሁን በቴሌግራም ነው የሚያስታውቀው አሉ። ደስ ይላል፣ ይፈጥናል። ግን ስማርት ስልክ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ማን ነው የሚነግራቸው? ሰው ካልተመደበ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እርስዎ ቢያነሱት መልካም ነው። ምን እንደተወሰነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ከሲያትል