አንተ የተከልካት ሐረግ

ጎንደር፣ ሐምሌ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክልኝ?

ድምፄን ካጠፋሁብህ ሁለት ዓመት አለፈ። እናቴ ያረፈች ሰሞን አንተ ስትደውል ስልኩን እያየሁ አላነሳሁትም። አንተም ልጇ ነበርክ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ወር ሲያልፍ አፈርኩ፤ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ባሰብኝ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ ሐረጓ ናት፣ ፊከስ ፑሚላ የሚሏት። ከመሄድህ በፊት በወተት ጣሳ አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ አምጥተህ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር የተከልካት፣ ታስታውሳለህ? ቅጠሏ ያኔ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም ነበር። እናቴ በሕይወት እያለች መቀስ አላስነካም አለች። «ወፎቹ የት ይደሩ?» ትለኝ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አምና ሐምሌ አሸንዳው በቅጠል ተደፈነ። ውሃው ወደ ውስጥ ተመለሰና የእናቴ ክፍል ኮርኒስ ረጥቦ ወረደ። መስከረም ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠራሁ። እንዴት እንደሚሠራ አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጫፏን ይዞ ቁልቁል ሳባት። ልስኑ አብሯት ወረደ። በር የሚያህል ቦታ ድንጋዩ ገጦ ቀረ።

ከወደቀው ልስን አንዱን ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ከግንዷ የወጡት ጥቃቅን ሥሮች እንደ አባጨጓሬ እግር ተደርድረዋል። ጫፋቸው ሲሚንቶው ውስጥ ነው። ቻርለስ ዳርዊን ይቺንኑ ተክል በመስታወት ሞክሯት ነበር። ሥሮቿን መስታወት ላይ ሲያስጠጋቸው ሳምንት ያህል ቆይተው ጥቃቅን ጠብታ አወጡ። ጠብታው ሲቆርጧት ከሚፈሰው ነጭ ወተት የተለየ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ታዲያ ይሄ ተስቦ ይላቀቃል?

ስለዚህ ያዘጋጀሁልህን ቅርንጫፍ አንተ ጋ ስትተክል አደራ፣ ሐረጓን አትሳባት። ከግድግዳው ላይ ልታነሳው የፈለግኸውን ክፍል ከታች ቁረጠውና ተወው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግንዱ ይደርቃል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀስ እያልክ በቁርጥራጭ ታነሳዋለህ። ግድግዳው ላይ የሚቀረውን የሥር ርዝራዥ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ሁሉም አይለቅም፤ ቀለም ትቀባበታለህ።

ዋናው ቁረጣ ግንቦት ላይ ነው፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ቁስሏን ቶሎ በአዲስ ቅጠል ትሸፍናለች። ጥር ወይም የካቲት ላይ አብዝተህ ብትቆርጣት ግን ውሃ የለም፤ ጥላ ውስጥ የኖረው ግንድ ድንገት ፀሐይ ያገኘዋል። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ክረምቱን ያለ ልክ የሮጠውን ጫፍ ብቻ ትከረክማለህ። በመሃል ሐምሌና ነሐሴ መሰላል አትውጣ። ጭቃው ያንሸራትታል።

እኔ ዘንድሮ ግንቦት ላይ ራሴ ወጣሁ። መጀመሪያ ጎጆ ፈለግሁ፣ ለእናቴ ብዬ። ከመስኮቱ በላይ አንድ አገኘሁ፤ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፈቱብኝ። ያንን ጥግ እስኪበርሩ ድረስ አልነካሁትም። ሌላውን ከአሸንዳው በታች ክንድ ያህል ክፍት ትቼ በቀጥታ መስመር ቆረጥኩ። በመስኮቱ ዙሪያም እንደዚያው።

አንድ የማታውቀው ነገር ልንገርህ። ሐረጓ ካረጀች ሌላ ዓይነት ቅርንጫፍ ታወጣለች። ግድግዳውን አይዝም፤ ወደ ውጭ ይቆማል፣ ቅጠሉም ወፍራምና መዳፍ የሚያህል ነው። ሌላ ተክል የበቀለባት መስሎኝ ነበር። እሱን እየተከታተልክ ከግድግዳው ጋ እኩል አድርገህ ቁረጠው። ከተውከው ክብደቱ ከነፋስ ጋር ሆኖ ሙሉዋን ገንጥሎ ያወርዳታል። ጓንት አድርግ። የዋርካና የሾላ ዘመድ ስለሆነች ወተት አላት፤ ክንዴ ላይ ነክቶኝ ሁለት ቀን አሳክኮኛል።

አንድ ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ጋ የፋሲልን ግንብ ያቀፉትን ሥሮች እያየን «ሥሩ ግንቡን ይዞታል ወይስ ግንቡ ሥሩን?» ያልከኝ ትዝ አለኝ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያም አለቀስኩ። ለእናቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ግድግዳው አሁን አረንጓዴ ሆኗል። ልስኑ የወደቀበትን ግን አላስለሰንኩትም፤ መጥተህ እንድታየው።

ከቆረጥኩት ውስጥ ሰባት ቅርንጫፍ በጣሳ ተክዬ ነበር። አምስቱ ይዘዋል። ባሕር ዳር የሠራኸው ቤት አጥሩ ባዶ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝናቡ ሳያቆም መሬት መግባት አለባቸው፤ ከጳጉሜን ባያልፍ ጥሩ ነው። ራስህ መጥተህ ብትወስዳቸው ደስ ይለኛል፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ካልቻልክ የሰፈርህን ስም ላክልኝ፣ በሚኒባስ ሰው አስይዤ እልካቸዋለሁ። ስልክ ከደወልክ ዛሬ አነሳለሁ።

ወንድምህ