ለልጄ፦ ከመፈረምህ በፊት

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሑድ ማታ በስልክ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። የክሊኒኩ ባለቤት ቢሮው ጠርቶ «አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ» እንዳለህ፣ ስለ ደመወዝ ጭማሪ አውርታችሁ እንደተጨባበጣችሁ፣ ወረቀቱ በኋላ እንደሚደርስህ ነገርከኝ። በጣም ደስ ብሎህ ነበር። ደስታህን ላለማደፍረስ «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን የዳላስ ካውቦይስ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረው ማይካ ፓርሰንስ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ክረምት በዚህ ልጅ የተነሳ መቀያየማችን አይረሳኝም። ምሳ ቀርበን እኔ «ለአንድ ዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየተከፈለው ምን ጎደለው? ይሄ ጥጋብ ነው» አልኩ። አንተ ሳትጨርስ ተነስተህ እጅህን ታጠብክ፤ እናትህ የጠቀለለችልህን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። በስልክ ልነግርህ ስል አፌ ላይ እየመጣ ይመለሳል፤ በጽሑፍ ይቅለለኝ።

አንተ ጨዋታውን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። እኔ የምጽፍልህ የገባኝን ያህል ነው፤ ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ፣ ካውቦይስ ማይካን በ2021 በ12ኛ ተራ መረጡት። በአራት ዓመት ውስጥ የተቃራኒ ቡድን ኳርተርባክን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ፣ ኳስ እንደያዘ 52 ጊዜ ተኩል መሬት ላይ ጥሏል፤ ግማሿ ከጓደኛው ጋር ስለሚካፈሉት ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ ሊያልቅ ሲል አዲስ ፊርማ ይጠይቃል። በዚህ ስፖርት ቡድኑ ውሉን አፍርሶ ማሰናበት ስለሚችል፣ ዋናው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው ሳይሆን ዋስትና ያለው ስንቱ ነው የሚለው ነው። ጉልበትህ ቢበጠስም የሚከፈልህ ማለቴ ነው።

እና በ2025 መጋቢት ላይ የ82 ዓመቱ የቡድኑ ባለቤት ጄሪ ጆንስና የ25 ዓመቱ ማይካ ብቻቸውን ተቀመጡ። ማይካ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ እንዳለው ወሬው የጀመረው ቡድኑን ስለመምራት ነበር፤ ከዚያ ወደ ፊርማ ዞረ። እሱ ተራ ወግ መስሎታል። ባለቤቱ ግን ተስማምተናል፣ አልቋል ብለው ያዙት። ኤጀንቱ፣ ስለ ውሉ የሚደራደርለት ሰው፣ ሲደውል ነገሩ ያለቀ ያህል ነው ተባለ።

ኤጀንቱ ዴቪድ ሙሉጌታ ነው። እንዲህ ያለ ስም በቴሌቪዥን ሲጠራ በዚህ ከተማ ያለ አበሻ ሁሉ ከሥራው ቀና ይላል። ጄሪ ጆንስ ግን በዚያው ሰሞን ጋዜጠኞች ፊት ኤጀንቱ በዚህ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም፣ ስሙንም አላውቀውም አሉ። ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም ብለው አክለዋል። ልጄ፣ እኔ በዚህ አገር ስሜን በትክክል ለመጥራት ያልደከመ አለቃ ሥር ዓመታት ሠርቻለሁ። «ስሙን አላውቀውም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። እንዲያም ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ከባለቤቱ ጋር ወገንኩ። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት።

እኛ ሽማግሌን እናከብራለን፣ ደላላን እንንቃለን። ሚስት ለማግባት ማንም ራሱ ሄዶ «ልጅህን ስጠኝ» አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል፤ ደግሞም ያምርበታል። የጉልበታችን ዋጋ ላይ ስንደርስ ግን መሀል የገባውን ሰው ሁሉ ጥቅመኛ እናደርገዋለን። ልጁና ባለቤቱ ተስማምተው ሳለ ደላላው አጣላቸው ብዬ አምኜ ነበር። ኤጀንት ከፊርማው ቢበዛ ከመቶ 3 ነው የሚወስደው፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ተጫዋቹ ትልልቅ ሰዎች ፊት አፍሮ የማይናገረውን፣ እሱ ሳያፍር ይናገራል። ይሉኝታ የለበትም፤ የተቀጠረውም ለዚሁ ነው።

ስለ ይሉኝታ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እናትህ እንጂ ሌላ ሰው አያውቀውም። አንተ በእናትህ ሆድ እያለህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮው አስቀመጠኝ፤ ቡና በፕላስቲክ ኩባያ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ትከሻዬን ይዞ «እንደ ልጄ ነው የማይህ፤ በመጪው ዓመት የፈረቃ ኃላፊ ትሆናለህ፤ በሰዓት ሁለት ዶላር እጨምርልሃለሁ» አለኝ። እናትህ «ቋንቋ የሚችል ሰው ይዘህ ተመለስና በወረቀት ይስጥህ» ብትለኝ ተቆጣኋት። ቡና ቀድቶ የሰጠኝን ሰው እንዴት ብዬ ወረቀት ልጠይቀው? ዓመቱ ሲደርስ ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስጠይቀው ሳይቆጣ፣ ረጋ ብሎ «እንዲህ ያልኩ አይመስለኝም» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው፤ ረስቶት ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ጠዋት ግን አልጠቀመኝም።

ማይካ ያላደረገው ይህንን ነው፤ በቃል ብቻ ረግቶ አልቀረም። ከልምምድ የቀረ ተጫዋች በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚቀጣ፣ ካሊፎርኒያ ኦክስናርድ ያለው የልምምድ ካምፕ ድረስ ሄዶ ሳይለማመድ ቆሞ ያይ ነበር። ደጋፊው ግን «ለማይካ ክፈሉት!» እያለ ይጮኽ ነበር። ባለቤቱ ደግሞ አምና ተጎድቶ ስድስት ጨዋታ አልፎታል፣ ስላስፈረምነው ብቻ እናገኘዋለን ማለት አይደለም የሚል ነገር ተናገሩ። ያለፈው አራት ጨዋታ ነው። የሰውን ጉዳት በአደባባይ ቆጥረህ፣ ያውም አብዝተህ፣ ዋጋውን ለማውረድ መጠቀም ትልቅ ነገር ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2025 ማይካ ልቀቁኝ የሚል ደብዳቤ አወጣ፤ ከእንግዲህ ኤጀንቴ በሌለበት ዝግ በር አልደራደርም አለ። በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ከሜዳው ዳር ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሎ ሲታይ ነው እኔ ከምንም በላይ የተናደድኩት። አሁን ሳስበው፣ የቀረው መናገሪያ እሱ ብቻ ነበር።

ጄሪ ጆንስን ሌባ አልላቸውም። ቡድኑን በ1989 በ140 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ የራሳቸውን ገንዘብ ነው ያስያዙት። ግን ይህን ትምህርት ቀድመው ተምረውት ነበር። እኔ ዳላስ በገባሁ በዓመቱ፣ በ1993፣ የካውቦይስ ኮከብ የነበረው ኤሚት ስሚዝ ሳይፈርም አልጫወትም ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ካውቦይስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ ከዚያ ከፍለው መለሱት፤ በዚያው የውድድር ዓመት የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በሉ። ያኔ አብሮኝ የሚሠራ ሰው «ኤሚት! ኤሚት!» እያለ ሲያቅፈኝ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር። አሁን ደግሞ ሲጠብቁ ዋጋው ከእጃቸው ወጣ። በ2025 መጋቢት ላይ እንደ ማይካ ኳርተርባክ የሚያሳድደው ማይልስ ጋሬት በዓመት 40 ሚሊዮን ፈረመ፣ ሐምሌ ላይ ሌላው እንደሱ ያለ ተጫዋች ቲ.ጄ. ዋት 41 ሚሊዮን። ነሐሴ 28 ካውቦይስ ማይካን ለግሪን ቤይ ፓከርስ ሰጡት፤ በምላሹ ኬኒ ክላርክ የተባለውን ተጫዋችና አዳዲስ ተጫዋቾችን በመጀመሪያው ዙር የመምረጥ ሁለት ዕድል ወሰዱ። ግሪን ቤይ ለአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ሰጠው፤ 120 ሚሊዮኑ ሲፈርም ዋስትና ያለው ነው። ከኳርተርባክ ውጭ ያን ያህል የተከፈለው ተጫዋች እስከዚያን ቀን አልነበረም።

ልጁ በመስከረም ከአዲሱ ቡድኑ ጋር ተመልሶ ወደ ካውቦይስ ሜዳ አርሊንግተን መጣ፤ 40 ለ 40 ተለያዩ። አንተ እየደወልክ፣ እኔ እየጮህኩ። በታኅሣሥ ዴንቨር ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሜዳው ላይ ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ እናትህ «የሰው ልጅ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ያሰብኩት ግን ስለዚያች መጋቢት ቀን ነበር። በመጨባበጡ ረግቶ ቢቀር፣ ወይም ያለ አዲስ ፊርማ በአሮጌው ውል ቢጫወት፣ ዛሬ ምን ይዞ ነበር ሆስፒታል የሚገባው?

አንተና ማይካ እኩዮች ናችሁ። አንተ የምትጠይቀው የሱን ሽራፊ አይሆንም፤ አንተም ግን በሰውነትህ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታነሳ ነው የምትውለው። ወገብህን ብትጎዳ ማን ይከፍልሃል? ከዚያ ክሊኒክ ብትለቅ እዚያው ሰፈር ሌላ ክሊኒክ እንዳትሠራ የሚል ነገር አለበት? የቅዳሜው ሰዓት ጭማሪው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይታሰባል? እሑድ እነዚህን ብጠይቅህ «አላነሳነውም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እንዴት ታነሳዋለህ? ሰውየው ቤተሰብ ነህ ብሎሃል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አጭር ኢሜይል ጻፍለት። ስለ ንግግራችሁ አመስግነው፤ የተስማማችሁበትን እንደገባህ በቁጥር አስቀምጥ፤ ወረቀቱ ሲመጣ ከመፈረምህ በፊት ከሰው ጋር እንደምታየው ንገረው። ደህና ሰው ከሆነ አይከፋውም። ከቤተ ክርስቲያናችን የሥራ ሕግ የምትሠራውን ጠበቃ አናግሬያታለሁ፤ ወረቀቱን ላክላት። የሷን ክፍያ እኔ እችላለሁ፤ በዚህ አትከራከረኝ።

እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ቅዳሜ ሂዩስተን የሚወርድ ሰው አለ። ሐሙስ ማታ ከሥራ እንደወጣሁ እደውልልሃለሁ። እስከዚያ ምንም አትፈርም፣ አባቴ።

አባትህ