ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ፦ የሐይቁ ዳር ወሰን ቀድሞ ይጻፍልን

ይድረስ ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ፣
ግልባጭ፦ ለከተማው ምክር ቤት አባላት በሙሉ

ክቡር ከንቲባ እንደምን ከረሙ።

እኔ ሽምብጥ ተወልጄ ያደግኩ፣ ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) የተማርኩ፣ አሁን ሶፍትዌር እየሠራሁ ምኖር የዚችው ከተማ ልጅ ነኝ። ቢሮ መጥቼ ላነጋግርዎት አስቤ ነበር፣ ግን ጉዳዩ የኔ የግል አቤቱታ አይደለም፣ ቤት ያለውንም ተከራዩንም፣ አሳ አጥማጁንም ተማሪውንም ሚነካ ነገር ስለሆነ ሁሉም ሰው እያነበበው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ከሰሞኑ ባሕር ዳርን ስማርት ሲቲ እናደርጋታለን፣ የቴክኖሎጂ ከተማ እናደርጋታለን ሚለውን ነገር ካፌ ቁጭ ብልም ስብሰባ ብገባም እሰማዋለሁ። ከልቤ ነው ደስ ሚለኝ። ፖሊ ከተከፈተ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ1992 ደሞ ፖሊና ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) አንድ ላይ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ ይቺ ከተማ ስንቱን አስተምራ ለሌላ ከተማ ሸኝታለች። አብረውኝ ከተመረቁት እዚህ የቀረነው በጣት ምንቆጠር ነን። ስለዚህ ሥራው ወደኛ ይምጣ ሚለው ላይ ልዩነት የለኝም። የኔ ልመና ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኩባንያው ሳይመጣ፣ የመሬቱ ዋጋ ሳይሰቀል በፊት የሐይቁ ዳር ወሰን ማስተር ፕላኑ ላይ በሜትር ተቆርጦ ይጻፍልን፣ ፍሳሹ መሄጃ ይበጅለት፣ ይሄ ሁሉ ሲወሰንም ሐይቁ ዳር ሚኖረው ሰው አብሮ ይቀመጥ። ለምን ይሄን ያህል እንደጨነቀኝ ልንገርዎት።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሕንድ አገር ባንጋሎር ነው (ቤንጋሉሩ ነው አሁን ስሟ፣ እኔ ግን ለምላሴ የቀለለኝን ልጥራት)። ስለ ባንጋሎር ሰው ሚያውቀው ሶፍትዌሩን ነው። ኢንፎሲስ ሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ከፑኔ ከተማ ተነስቶ በ1983 እ.ኤ.አ. እዛ ገባ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1985 ቢሮ ከፈተ፣ ከዛ በኋላ ዓለም ሁሉ ጎረፈባት። እኔ ስደርስ ግን አከራዬ የነበሩት ሽማግሌ መጀመሪያ ያወሩልኝ ስለ ኩባንያ አልነበረም፣ ስለ ሐይቆቹ ነው። ባንጋሎር እንደኛ አባይ ሚባል ነገር የላትም፣ ትልቅ ወንዝ አያልፍባትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆራት ኬምፔ ጎውዳ ሚባል ገዢ፣ ከሱም በኋላ የመጡት፣ የዝናብ ውሀ ሚያጠራቅሙ ሐይቆች አሠርተው እርስ በርስ በቦይ አያያዟቸው፣ አንዱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይፈሳል። ከተማዋ በዛ ውሀ ነው የኖረችው። ዛሬ ዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ ያለበት ቦታ ሐይቅ ነበር፣ ካንቲራቫ ሚባለው ስታዲየም ያለበትም ሐይቅ ነበር። ሽማግሌው ባስ ውስጥ ቁጭ ብለን በጣታቸው እያሳዩ እዚህ ጋ ውሀ ነበር፣ እዛም ጋ ውሀ ነበር ሲሉኝ ጣና ፊቴ ላይ ድቅን ይልና ሆዴ ይባባል።

ከቀሩት ትልቁ ሐይቅ ቤላንዱር ይባላል። ከተማዋ ስታድግ ያልተጣራ ፍሳሽ ለዓመታት ገባበት፣ የሽንት ቤቱም የልብስ ሳሙናውም የፋብሪካውም። ውሀው አረፋ ይደፍቃል፣ አረፋው እየተቆለለ መጥቶ ንፋስ ሲነሳ አስፋልቱ ላይ ይበተናል፣ ሞተር ሳይክል ሚነዳው ፊቱን ሸፍኖ ነው ሚያልፈው። ሽታውን ልገልጽልዎት አልችልም። የካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ደሞ ተቃጠለ፣ ሐይቅ ተቃጠለ ስል በምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም፣ ላዩ ላይ የበቀለው ሣርና የተከመረው ቆሻሻ ተያያዘና ጭሱን ከተከራየሁበት ቤት ሰገነት ላይ ቆሜ አየሁት። በዓመቱ ጥር ላይ እንደገና ሲነድ ለማጥፋት ወታደር ነበር የወጣው። ዙሪያውን የተደረደሩት የመስታወት ሕንጻዎች የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ቢሮ ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ኢንጂነር ደሞ መስኮት መክፈት አይችልም።

አሁን ዋናው ነገሬ ጋ ደረስኩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሕንድ የአካባቢ ጉዳይ ትሪቡናል ከሐይቅ ዳር 75 ሜትር ድረስ ምንም ነገር እንዳይገነባ ወሰነ። ሰው ተደሰተ፣ እኛም ክላስ ውስጥ አወራንበት። ከዛ አልሚዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱና በ2019 ውሳኔው ተሻረ፣ ምክንያቱም ማስተር ፕላኑ ላይ ለሐይቅ የተጻፈው 30 ሜትር ነበር፣ ትሪቡናሉ ደሞ በሕግ የጸደቀ ፕላን መቀየር አይችልም ተባለ። ይሄን ልብ ይበሉልኝ። 75 ሜትር ያስፈልጋል የተባለው ሐይቁ ከሞተ በኋላ ነው፣ ፈቃዱ ከተሰጠና ፎቁ ከቆመ በኋላ የመጣ ሜትር ወረቀት ላይ ቀረ። ያቺ 30 ሜትር ሳትጻፍ በፊት፣ መሬቱ ገና ርካሽ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ይሄ አይበቃም ቢል ኖሮ እያልኩ ነው እስካሁን ማስበው።

የቦዮቹ ነገርም እንደዛው ነው። ቦዩ ላይ ቤት ተሠራበትና መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሀው መሄጃ አጣ፣ የቴክ ኩባንያ ሠራተኞች በትራክተር ተጭነው ቢሮ ሲገቡ አብሮኝ የተማረ ልጅ ፎቶውን ላከልኝ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፣ ብዙ ጉድጓድ ደርቆ ሰው ለቦቴ ውሀ ሲሰለፍ ከረመ። ከካቬሪ ወንዝ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሀ እየሳበች ምትጠጣ ከተማ ናት እንግዲህ።

ፖለቲካውንም ልጨምርልዎት። በ1999 እ.ኤ.አ. የክፍለ ግዛቱ መሪ ኤስ ኤም ክሪሽና ከተማዋን ሚያሻሽል ግብረ ኃይል አቋቁመው የኢንፎሲሱን ናንዳን ኒሌካኒን ሰብሳቢ አደረጉት። ሰዎቹ ብዙ ለፍተዋል፣ ያንን አልክድም። ግን ሐይቅ ዳር በላስቲክ ቤት ሚኖረው፣ ዳር ዳር ያለው ገበሬ፣ ልብስ አጣቢው በዛ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ምርጫ መንግሥቱ ወደቀ፣ ግብረ ኃይሉም አብሮ ከሰመ። ከዛ ወዲህ ቅሬታው በቋንቋ በኩልም ወጣ። በ2023 መጨረሻ ላይ ሰዎች የእንግሊዝኛ ታፔላ እየሰበሩ ሰልፍ ወጡ፣ ታፔላው 60 ፐርሰንቱ በካናዳ ቋንቋ ይሁን ሚል ሕግ መጣ (የነሱ ቋንቋ ካናዳ ነው ሚባለው፣ ከአገሩ ጋ እንዳይምታታ)። ታፔላ መስበሩን አልደግፍም። ሰውዬው ግን የተናደደው በታፔላው ብቻ አይመስለኝም፣ በገዛ ከተማው እንግዳ ሲሆን ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ።

ጣና ትልቅ ነው፣ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሚያክል ሐይቅ እንደ ቤላንዱር አይሆንም ሚሉኝ ሰዎች አሉ። ስፋቱ እውነት ነው፣ ጥልቀቱ ግን ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር አካባቢ ነው። የኛ ፍሳሽ ደሞ ሐይቁ መሀል አይደለም ሚገባው፣ እኛው ዳር ያለችው ውሀ ላይ ነው፣ ልጆች ሚዋኙባት፣ ቀረሶና አምባዛ ሚሸጥባት፣ የዘጌ ጀልባ ሚነሳባት ውሀ ላይ። አብዛኛው ቤት ፍሳሹን ሚያጠራቅመው በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ከየዲቹ ምን ምን ተጠርጎ እንደሚወርድ ዝናብ ባባራ ቁጥር ዳሩ ላይ ሄዶ ማየት ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ደንቢያም ያለው ገበሬ ውሀ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፣ እኔም ከጓደኞቼ ጋ ሄጄ ነቅያለሁ፣ ወገቤን ለሦስት ቀን አልቻልኩትም ነበር። እምቦጭ ከእርሻ ታጥቦ ሚመጣ ማዳበሪያና ከከተማ ሚወርድ ፍሳሽ ነው ሚያፋፋው። ገበሬው እዛ ማዶ ሲነቅል እኛ እዚህ ማዶ ስንመግብ መኖር የለብንም።

ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ለዋና ምንወርድባት ጠባብ መንገድ ነበረች፣ ሁለት የሾላ ዛፍ መሀል ለመሀል ምታስወርድ። ዛሬ አጥር ተገጥሞባታል። ማን እንዳጠረው ስም አልጠራም፣ ለክስ አይደለም ምጽፍልዎት። ግን የዘጠኝ ዓመት የእህቴ ልጅ ሐይቁን ለማየት ካፌ ገብታ ለስላሳ ማዘዝ አለባት፣ ያለበለዚያ ጥበቃው ምን ፈልገሽ ነው ይላታል። የኮሪደር ልማቱ ዳሩ ላይ የእግረኛና የሳይክል መንገድ ማውጣቱ በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ሁሉ ወክ ሲያደርግ ሳይ ይሄ ነው ባሕር ዳር እላለሁ። ምፈራው ይሄ መንገድ በሕግ የሕዝብ ነው ተብሎ ካልተጻፈ ነገ ትልቅ ብር ይዞ ሚመጣ አልሚ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል ነው።

ሐይቁ ዳር ከሁላችንም በፊት የኖሩት ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ደንገል አጭደው ታንኳ ሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፣ ዛሬ ሚናገረው ሰው የለም፣ ሁሉም አማርኛ ነው ሚናገሩት። ታንኳቸው በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተስሏል፣ በየብሮሹሩ አለ፣ እነሱ ግን ስለ ሐይቁ ዳር ስብሰባ ሲጠራ ተጠርተው አይቼ አላውቅም። ምናልባት እኔ ባልነበርኩበት ተጠርተው ይሆናል፣ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መሬት ሲወደድ መጀመሪያ ተነስ ሚባለው ካርታ የሌለው ሰው ነው። ደንገሉም የማስዋቢያ ሣር አይደለም፣ ፍሳሹን ሚያጣራ፣ አሳው ሚራባበት ቦታ ነው፣ ደንገሉንና ባለደንገሉን አብረን ካላቆየን በምን ብር እንመልሳቸዋለን?

ስለ ተከራዩም ትንሽ ልበል። ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ሚሠሩ ወጣቶች አውቃለሁ፣ ለውጭ ደንበኛ ዌብሳይት ሚሠሩ፣ ዶላር ያገኛሉ ተብሎ ብቻ ኪራይ ሚጨመርባቸው። እነሱ ሲከፍሉ ደሞ ጎናቸው ያለችው መምህርት መክፈል ያቅታትና ወደ ዳር ትወጣለች። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪውም በሥርዓት ይሁን ይላል። እዚህም በደንብ ይሠራበት፣ የቴክ ገንዘቡ ገብቶ ዋጋው ከተሰቀለ በኋላ ሳይሆን አሁን።

ሳልናገረው ማላልፈው ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲከርም በፍሪላንስ ሚኖሩ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ከተማውን ለቀው ሄዱ፣ ገሚሶቹ አልተመለሱም። እኔም ደንበኞቼን አጥቻለሁ። ይሄ በከተማ አስተዳደር ደረጃ ሚወሰን እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሰላሙም እንደዛው። ግን ከተማዋን ወክለው ሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ ሁሉ ይሄን ይንገሩልን፣ ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ሚፈራበት ከተማ ማንም ቢሮ አይከፍትም።

ደሞ እባክዎ የከተማው አገልግሎት ወደ አፕ ሲገባ አማርኛው ቀድሞ ይሠራ። እናቴ ቴሌብርን ምትጠቀምበት በአማርኛ ስለሚነበብላት ነው፣ በዛ ምክንያት የመብራት ሒሳብ ራሷ ትከፍላለች፣ ማንንም አትለምንም። ግብሩም የውሀ ሒሳቡም አቤቱታውም እንደዛ ይሁንላት።

እንግዲህ ምጠይቅዎት ይሄ ነው። ከሐይቁና ከአባይ ዳር ስንት ሜትር ድረስ ግንባታ እንደማይፈቀድ በማስተር ፕላን ተጽፎ በምክር ቤት ይጽደቅ፣ ሜትሩን ባለሙያዎች ይወስኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ቅርባችን ነው። ትልቅ ሕንጻ ሚሠራ ሁሉ ፍሳሹን አጣርቶ ካልሆነ ፈቃድ አያግኝ። ነገደ ወይጦዎችም አሳ አጥማጆችም ተከራዮችም ረቂቁ ላይ ሲወያዩ ይቀመጡ፣ ለመደመጥ ብቻ አይደለም፣ ድምፅ ኖሯቸው። ረቂቁ ካርታ ደሞ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይውጣ።

ካርታውን ስልክ ላይ ሚከፈት፣ ሰው የራሱን ሰፈር ነክቶ ወሰኑ የት ጋ እንደሚያልፍ ሚያይበት፣ በአማርኛ ሚሠራ አድርገን እኔና አምስት ጓደኞቼ ያለ ክፍያ እንሠራዋለን። ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ሁለት ሳምንት ይበቃናል። ፋይሉን ከየትኛው ክፍል እንደምንወስድና መቼ እንደምንመጣ ብቻ ይላኩብን።

ከአክብሮት ጋር
የሽምብጥ ልጅ፣ ባሕር ዳር