ፔዳሏ የማያርፍ ሳይክል

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። በመሃል ስልክ ተቀየረ፣ ቤት ተቀየረ፤ የአገሩ ነገርም እንደምታውቀው ነው፣ ኔትወርኩ ጭራሽ የጠፋበት ወቅት ነበር። ሰሞኑን ከባሕር ዳር የመጣ ልጅ አገኘሁና ስለ አንተ ስጠይቀው «አሁንም ሳይክል ይጠግናል» አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ! ልደውልልህ ነበር፤ ግን የያዝኩት ወሬ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ቡናህን ይዘህ ተረጋግተህ አንብበው።

ወሬው ስለ ሳይክል ነው። ለአንተ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ?

እዚህ ዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። የዛሬ መኪና ደግሞ ሁሉን ነገር ራሱ ያውቃል። ማርሹን ራሱ ይቀይራል፣ ግድግዳ ስትጠጋ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከሥራ ስወጣ ግን አንድ ማርሽ ብቻ ያላት ሳይክል ላይ እወጣለሁ። ፊክሲ ይሏታል። ከዚህች ሳይክል ጋር ፍቅር ይዞኛል፤ ምክንያቱን ላስረዳህ።

አንተ ባለሙያ ስለሆንክ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። የለመድነው ሳይክል የኋላ ጥርሱ ውስጥ ፍሪዊል አለው። መርገጥ ስታቆም ትክ ትክ እያለ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። የእኔዋ ፍሪዊል የላትም። ጥርሱ ሞዞው ላይ፣ ማለትም የጎማው እምብርት ላይ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ይዞራል፣ ኩርባ ላይ ይዞራል፣ ደክሞህም ይዞራል። ወደ ኋላ ብትገፋው ሳይክሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። እግርህ የሚያርፈው ሳይክሉ ሲቆም ብቻ ነው።

የአሠራሩን ብልሃት ብታየው ትወደዋለህ። ጥርሱ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ እየዞረ ይጠብቃል። ከላዩ ደግሞ አንድ ቀለበት አለ፤ የእሱ አዟዟር ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለመቆም ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትታገለው ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል። በሞከረ ቁጥር ግን ቀለበቱን ራሱ ያጠብቀዋል። መጀመሪያ ፈትቼ ያየሁት ቀን እጄ ላይ እያገላበጥኩ ቆየሁ። ያኔ አንተ አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

የመጀመሪያ ሰሞን ሰውነት ያስቸግራል። ለዓመታት የለመደው ነገር አለ፤ መብራት ሲቃረብ ወይም ጉድጓድ ሲያይ እግሩን ማሳረፍ ይፈልጋል። ፔዳሉ ግን እሺ አይልም፤ ከኮርቻው ብድግ ያደርግሃል። ቀስ በቀስ እግርህ ይማራል። አንዴ ከተማረ በኋላ የሚመጣውን ስሜት በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ ግን ልሞክር። አስፋልቱን በእግርህ ትሰማዋለህ። ትንሽ ዳገት፣ ትንሽ ንፋስ፣ የረጠበ መንገድ፣ ሁሉም በፔዳሉ በኩል ይነግርሃል። ፍጥነትህን ለማወቅ የምታየው ነገር የለም፤ የእግርህ አዟዟር ራሱ ይነግርሃል። ትንሽ ስትይዘው ትቀንሳለህ፣ ትንሽ ስትገፋው ትጨምራለህ። ፍሬን ሳትነካ በመኪና መሃል እንደ ውኃ ታልፋለህ።

ቁጥሩን ልንገርህ፤ እንደምትወድ አውቃለሁ። የፊቱ 46 ጥርስ ነው፣ የኋላው 17። ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጥ ጎማው 2.7 ጊዜ ይዞራል፤ ወደ 5.7 ሜትር ትሄዳለህ ማለት ነው። በደቂቃ 90 ዙር ከረገጥክ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አልፈሃል። ቁልቁለት ላይ 45 ኪሎ ሜትር ከደረስክ ግን እግርህ በደቂቃ 130 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ስለዚህ ቁልቁለቱም ሥራ ነው። ሌላ ሳይክል ላይ ያለው ሰው ተዝናንቶ ሲወርድ አንተ እግርህን ለማለስለስ ትታገላለህ።

17 የመረጥኩትም በዘፈቀደ አይደለም። አንዳንዱ ጋላቢ የኋላ ጎማውን በእግሩ ቆልፎ እያንሸራተተ ይቆማል። እግሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆልፍ የጎማው የሚበላበት ቦታ በጥርሶቹ ቁጥር ይወሰናል። 48 በ16 ብታደርገው ልክ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ጎማው ሁሌ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይፋቅና ወዲያው ይበሳል። 46 በ17 ግን አይካፈልም፤ መፋቁ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። አየህ፣ እንዲህ ቀላል በምትመስል ሳይክል ውስጥ ስንት ሒሳብ አለ!

ፍሬን ግን አለኝ። ይህን አስምርበት። የፊት ፍሬን ሳይኖረው ከተማ ውስጥ የሚነዳ አለ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም ቢወልቅ እግርህ ምንም አያቆምም። የእንግሊዞቹን ሕግ እወደዋለሁ፦ ለሌላው ሳይክል ሁለት ፍሬን ያዛሉ፣ ለፊክሲ ደግሞ የፊቱን ብቻ፤ የታሰረውን ጎማ እንደ ሁለተኛ ፍሬን ስለሚቆጥሩት ነው። ፍሬን ጭራሽ የማያስፈልገው የሳይክል መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በሚዞርበት፣ ማንም በድንገት በማይቆምበት። ጃፓኖች ኬይሪን የሚሉት ውድድር አላቸው። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ገንዘብ ያስይዝበታል። ሁሉም ፍሬን የሌላት፣ አንድ ማርሽ ብቻ ያላት ሳይክል ላይ ነው የሚወዳደረው። ታዋቂው የቤልጂየም ጋላቢ ኤዲ ሜርክስም በ1972 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደው እንዲህ ባለች ሳይክል ነው።

የቱር ደ ፍራንስ፣ የፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር፣ ነገር ደግሞ ያስገርምሃል። ውድድሩን የመሠረተው ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ለዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ጋላቢዎቹ ተራራው ግርጌ ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተው ይገለብጣሉ፣ በሌላኛው ጎን ባለው ትልቅ ጥርስ ይወጣሉ። አልፕስን እንዲህ ነው የወጡት! የእኔም የኋላ ጎማ ሁለት ጎን አለው። በአንዱ በኩል የታሰረው ጥርስ፣ በሌላው በኩል ፍሪዊል። ረጅም መንገድ ስሄድ ወይም ጉልበቴን ሲያመኝ ገልብጬው ባለ ፍሪዊል አደርገዋለሁ። ያም ቢሆን ማርሿ አንድ ነው።

አንድ ማርሽ መሆኑ ራሱ ምን ይጠቅማል ትለኝ ይሆናል። መልሱን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ባሕር ዳር ላይ የሰውን ሁሉ ቤት የሞላው ባለ አንድ ማርሽ የቻይና ሳይክል አይደል? ከተማው ሜዳ ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ልጆች ሳለን የኪራይ ሳይክል ኮርቻው አይደርስልንም ነበር። እግራችንን በብረቱ መሃል አሳልፈን፣ ወገባችንን አጣመን ነበር የምንነዳው። ያ ሳይክል ጭቃውንም፣ ጤፍ ጆንያውንም፣ ከኋላ የተጫነውንም ሰው ችሎ ስንት ዓመት ኖረ። የሚበላሽ ነገር ስለሌለው እኮ ነው። እዚህም የቢሮ ወረቀት በሳይክል የሚያመላልሱ መልእክተኞች ፊክሲን የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ክረምቱ በረዶ ነው፣ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ደግሞ ማርሽ መቀየሪያን ይጨርሳል። ከፊክሲ ላይ የሚበላው ሰንሰለትና ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። እኔም ሁሉን ነገር በራሴ እጅ ነው የምሠራው። የሠራሁትን ነገር ላይ ተቀምጬ መሄድ ኩራት ይሰጠኛል።

ቤቴ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ስወርድ በሜሪዲያን ሂል ፓርክ ጎን ባለው በ15ኛው መንገድ ነው። ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው። ጣቴን ፍሬኑ ላይ አድርጌ፣ እግሬን በፔዳሉ ላይ አክብጄ፣ ዓይኔን ሩቅ ጥዬ እወርዳለሁ። ሩቅ ማየት ግድ ነው። ፊክሲ ላይ ያለ ሰው ቀጥሎ ያለውን መብራት ብቻ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም ያነባል። ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት መልሼ እወጣለሁ። ዝቅ የሚያደርጉት ማርሽ የለም። ከኮርቻው ተነሥቼ፣ ማኑብሪዮውን ግራ ቀኝ እየጎተትኩ፣ በሙሉ ክብደቴ እረግጣለሁ። ፍጥነቱን መሃል ላይ ከለቀቅክ አለቀልህ። ፔዳሉ ግን የላይኛውን ነጥብ ሲያልፍ ራሱ እግርህን ይስብልሃል። ላይ ስደርስ ቀኑን ሙሉ በሰው መኪና ውስጥ የታጠፈው ወገቤ ተፍታትቶ ነው የምደርሰው።

እሑድ እሑድ ሄይንስ ፖይንት እሄዳለሁ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ነው፤ ዙሩ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ በኩል ስትሄድ ንፋሱ ይገፋሃል፣ ስትመለስ ፊትህን ይመታሃል። ማርሽ ያለው ሰው ይቀይራል። እኔ የምቀይረው ራሴን ነው፤ ጎንበስ እላለሁ፣ አተነፋፈሴን አስተካክላለሁ። ማዶ አውሮፕላን ያርፋል። የጓደኞቼ ሳይክል ከሃያ በላይ ማርሽ አለው፤ የትኛው ይሻላል እያሉ ይቀያይሩታል። እኔ ስለ ማርሽ ማሰብ ትቻለሁ። የቀረኝ መርገጥ ብቻ ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባትህ ትተውልህ የሄዱት አሮጌ ፎኒክስ አሁንም አለ? ካለ ፊክሲ እናድርገው። የኋላ ሹካው ላይ ጎማውን ወደ ኋላ የምትስብበት ረጅም ክፍተት አለው፤ ሰንሰለቱን ለማጥበቅ የሚያስፈልገው ያ ነው፣ ሌላ መወጠሪያ አንፈልግም። ሞዞውን ከነጥርሱና ከነቀለበቱ እኔ እልክልሃለሁ። አንተ ሦስት ነገር ለክተህ ላክልኝ፦ የኋላ ሹካው ውስጡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ፣ ቸርኬው ስንት ሽቦ እንዳለው፣ የፊቱ ጥርስ ስንት እንደሆነ። የእኔ ሞዞ ለ120 ሚሊ ሜትር ነው የተሠራው፤ የአንተ ካነሰ ወይም ከበለጠ ሌላ እፈልጋለሁ። ፍሬኖቹን እንዳትፈታቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲገጠም ሰንሰለቱን ጎማው እየዞረ በጨርቅ እንዳትጠርገው። ፍሪዊል ያለው ሳይክል ጣትህ ቢገባ ይቆምልሃል፤ ይህ አይቆምም፣ ጣት ይቆርጣል። ልጆቹም እንዳይነኩት ንገራቸው። ሱሪህን እሰረው፣ የጫማህን ክርም ወደ ውስጥ ክተተው። መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሞክረው። የቤዛዊትን ኮረብታ ለኋላ አቆየው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ልኩን እንደያዝክ ወዲያው ጻፍልኝ፤ ዕቃውን አገር ቤት በሚሄድ ሰው እልካለሁ።

ወንድምህ