ሰፊው ወይስ ረጅሙ?

ይድረስ እንደ ወንድም ለማይህ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ደሴም እንደምታውቃት ናት። ዛሬ ጠዋት የጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። እናትህ ያረፉ ጊዜ እንኳ አልደወልኩልህም። ድንኳን ስንተክል ነበርኩ፣ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አንተ ጋ መደወል ግን አቃተኝ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ወር ሲሆን ባሰብኝ። ይቅር በለኝ። ስለዚህ በደንብ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ግን ወደ ሌላው እየሄደ ነው።

እህትህ ነግራህ ይሆናል፤ እኔም እንደ አንተ ዊንግ ፎይል ጀምሬያለሁ፤ ነፋሱን በእጅ ክንፍ ይዤ፣ ከሥሩ ሌላ ክንፍ ባለው ቦርድ ከውኃ በላይ መብረር። አዎ፣ እዚሁ ሐይቅ ላይ። ኮምቦልቻ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ ሰው አገሩ ሲገባ ዕቃውን ሰጥቶኝ ሄደ። 110 ሊትር ቦርድ፣ ከቦርዱ ሥር ወደ ውኃ የሚወርድ 75 ሳንቲ ሜትር ማስት፣ 6 ካሬ ሜትር የእጅ ክንፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስሬ 30 ኪሎ ሜትሩን እሄዳለሁ። ሾፌሮቹ ለምደውኛል። ቦርዱን እንደ አንድ ሰው ነው የሚያስከፍሉኝ።

ቦርዱ ውኃውን ሲለቅ የሚሆነውን አንተ ታውቀዋለህ። ከሥር ጠፍ ጠፍ የሚለው ድምፅ ድንገት ይቆማል። ከዚያ ጸጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆንልኝ ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ አንተን አሰብኩ። ሐይቅ ዳር ውኃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ «በቃኝ» ብሎ የሚመለሰው ልጅ ኬፕታውን ሄዶ ውቅያኖስ ላይ ይበራል፣ አልኩ።

አሁን ጭንቀቴን ልንገርህ። ባለፈው ወር ውኃ ውስጥ ያለውን፣ ቦርዱን የሚያነሳውን የፊት ክንፍ ድንጋይ መታብኝ። ሐይቁ መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ እኔን ያገኘኝ ግን ዳር ላይ ያለ ድንጋይ ነው። ኮምቦልቻ ፋይበር የሚጠግን ልጅ ለጠፈልኝ። ውኃ ውስጥ ስገባ ክንፉ ፉጨት ጀመረ። ፍጥነት ስጨምር ፉጨቱም ይቀጥናል። የኋላ ጠርዙ ላይ ማጣበቂያው ወፍሮ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ቀን ሳሸው ድምፁ ጠፋ። ደስ አለኝ። ያለፈው ቅዳሜ ከውኃ ሳወጣው ግን ስንጥቁ እንደ ከንፈር ተከፍቶ ውኃ ጠብ ጠብ ይልበታል። ከእንግዲህ አላምነውም።

እህትህ የሁለቱን የፊት ክንፎችህን ፎቶ አሳየችኝ። ከአንተ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሻንጣ አንዱን ብቻ ነው የሚችለው አለችኝ። ሌሊት ሌሊት ፎቶውን እያየሁ ነው የማድረው።

ሰፊው 1,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጫፍ ጫፍ 95 ሳንቲ ሜትር። ረጅሙ 1,250 ነው፤ ከጫፍ ጫፍ 107። ርዝመቱን በራሱ አባዝቼ ለስፋቱ አካፈልኩት። ሰፊው 5 ይመጣል፣ ረጅሙ 9፤ ቁጥሩ ሲበዛ ክንፉ ረጅምና ቀጭን ነው ማለት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ያለው ረጅሙ ላይ ነው። ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ አንዴ ከተነሳህ ብዙ ይንሳፈፋል። ነፋሱ ለአፍታ ቢጠፋ እንኳ ተሸክሞህ ይሄዳል። ሰፊውና ወፍራሙ ግን ውኃውን ስለሚጎትት ፍጥነት ሲፈለግበት ይደክማል።

ችግሩ መነሳቱ ነው። ከነዕቃዬ 85 ኪሎ ብባል፣ በእኔ ስሌት ሰፊው በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያነሳኛል። ረጅሙ 13 ይፈልጋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ምን አላት እንዳትለኝ። አንተ ጋ በጋውን ሙሉ ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሳይቋረጥ ይገፋሃል። እዚህ ጠዋት ውኃው መስታወት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ይነፍሳል፤ ግን በየመሀሉ ይቆራረጣል፣ በተለይ ኮረብታው በከለለው በኩል። ቦርዱ ሊነሳ ሲል፣ ልክ በዚያች ደቂቃ፣ ነፋሱ እጅህ ላይ ይሞታል።

ሌላም አለ። ይሄን መቼም አንተ አስበኸው አታውቅም፤ ባሕር ዳር ቆመህ እንዴት ትዝ ይልሃል? ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። አየሩ አንተ ካለህበት በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ የእኔ 6 ካሬ ሜትር እዚህ የሚጎትተው የአንተ 5 ካሬ ሜትር እዚያ የሚጎትተውን ያህል ብቻ ነው። አንተ በ22 ኪሎ ሜትር ነፋስ የምትነሳ ከሆነ እኔ 24 እፈልጋለሁ። የውኃው ክብደት ግን ከፍታ አያውቅም። ከላይ የጎደለኝን ከታች ባለው ክንፍ ስፋት ነው የምሞላው። ጨዋማ ውኃ የሚጨምርልህ ጥቂት ግፊትም እኔ ጋ የለም።

የእህቴ ልጅም አብሮኝ ጀምሯል። 16 ዓመቱ ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ቢሆን ነው። ለእሱ ክብደት ረጅሙም በቀላሉ ያነሳል። ግን ገና ነው፤ ሚዛኑ አልጸናም። ረጅም ክንፍ ሲያዘነብሉት ጫፉ ከውኃ ይወጣና አየር ይስባል፤ ያኔ ድንገት ይጥላል። ፍጥነቱ ሲወርድም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚለቅህ። ሰፊው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ እግርህን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሃል። ልጁ ረጅሙ ላይ ወጥቶ ቢወድቅብኝ፣ እዚያ ማስት ላይ… አላውቅም፣ እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

እና ሰፊውን ላክልኝ። ጻፍኩት፣ አለቀ። ረጅሙን ግን እባክህ አትሽጠው። በሚቀጥለው በጋ፣ ነፋሱ ሲጠነክርና ልጁ ሲጸና፣ ከአንተ እገዛዋለሁ። ገንዘቡን ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

ከመላክህ በፊት አንድ ነገር ተመልከትልኝ። ክንፉ ፊውዝላጁን፣ ክንፉን ከማስቱ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ፣ የሚነክስበት ቦታ የእኔ በሦስት ብሎን ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብሎን ቀዳዳ ከመሀል እስከ መሀል 7 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለይ አይገጥምም። ለክተህ ፎቶ አንሳልኝ።

ሌላው… ሳልነግርህ ብጨርሰው ይቆጨኛል። ዕቃው የሚቀመጠው እናንተ ቤት ነው። እኔ ጋ ቦታ ስላልነበረ እህትህ ጓዳውን ከፈተችልኝ። ቦርዱን የእናትህ ሞሰብ ይቀመጥበት ከነበረው ጥግ አስደግፌዋለሁ። ሞሰቡን አልነካሁትም፤ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው። ቅዳሜ ጠዋት ቦርዱን ላወጣ ስገባ ሁልጊዜ «ቁርስ ሳትበላ?» የሚሉኝ ይመስለኛል። ያኔ መደወል የነበረብኝ ይሄን ልነግርህ ነበር።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። እባክህ አንሳልኝ።

ወንድምህ
ከደሴ